አንድ ግንድ፣ ሦስት ልክ፦ ከቦሩ ሜዳ ኮምቦልቻ የወረደ ፓቱላ

አናጢ ነኝ። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ትንሽ ወርክሾፕ አለችኝ። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ በር፣ የመጣውን እሠራለሁ። ጣውላና ሞራሌ መግዛት ከጀመርኩ 15 ዓመት አልፎኛል። ግንድ ሸጬ ግን አላውቅም ነበር። መጋቢት 2017 ላይ ሸጥኩ። የራሴን ሳይሆን የአጎቴን።

አጎቴ ከቦሩ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ ተዳፋት ላይ መሬት አለው። ጎረቤቱ ሁሉ ባህር ዛፍ ነው። እሱ ግን በ1992 ከችግኝ ጣቢያ ያገኘውን ችግኝ ሲተክል ባህር ዛፍ አልነበረም። «ጥድ ነው ብለው ሰጡኝ» ይላል። 25 ዓመት ሙሉ የፈረንጅ ጥድ ነው ብሎ አሳደገው። 46 ዛፍ ቆሟል።

ደላላ ሰው ይዞ መጣ። ገዢው ኮምቦልቻ ላይ መሰንጠቂያ ያለው ሰው ነው። ሁሉም «ሐጂ» ስለሚለው እኔም ሐጂ እላለሁ። ሐጂ ዛፎቹ መሃል ዞረ፣ ሁለት ሦስቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፣ ከዚያ በቁም ለሁሉም አንድ ዋጋ ጠራ። አጎቴ ቀብድ ሊቀበል እጁን ዘርግቶ ነበር ማለት ይቻላል። አክስቴ ናት ያስቆመችው። «የእህትህ ልጅ አናጢ አይደል እንዴ? እሱን ሳትጠይቅ!» ብላ።

ብሩን እዚህ አልጽፍም። የእንጨት ዋጋ ወር ሳይሞላው ይለወጣል፤ በተለይ ሐምሌ 2016 ብር ከተንሳፈፈ ወዲህ። ከውጭ የሚመጣው ቺፑድና ኤም ዲ ኤፍ ሲወደድ አናጢው ሁሉ ወደ አገር ጣውላ ዞሯል፤ ግንዱም አብሮ ተወደደ። ስለዚህ ለስሌት እንዲመች አንደኛ ደረጃ ግንድ በሜትር ኩብ 100 ነው እንበል። ሌላውን ሁሉ ከዚያ ጋር እያነጻጸርኩ እጽፋለሁ። በዚህ ሂሳብ የሐጂ የቁም ዋጋ ለ46ቱም 1,300 ነበር።

ቅዳሜ ቦሩ ሜዳ ወጣሁ። ገና ሳልቀመጥ አንዱን ቅርንጫፍ ጎትቼ አየሁት። ረጃጅም ቅጠል፣ እንደ ፀጉር ወደ ታች የተንዠረገገ፣ ሦስት ሦስት ሆኖ ከአንድ ቦታ የሚወጣ። ፓቱላ የሚባለው ሌላ የጥድ ዓይነት ነው። «ጋሼ፣ ይሄ የፈረንጅ ጥድ አይደለም» አልኩት። ፊቱ ወደቀ። የፈረንጅ ጥድ ቅጠሉ ቅርፊት ቅርፊት ነው፤ እንጨቱም ሽታ አለው፤ ገበያም ላይ ከፓቱላ ይሻላል። እኛ አገር ሁለቱም ጥድ ይባላሉ፤ ሁለቱም የመጡት ከሜክሲኮ በኩል ነው፤ ግን ዝምድናቸው ሩቅ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ቀና ስትሉ የሚታያችሁ የጎፍ ደን ውስጥም ሁለቱም ተተክለዋል። ሐጂ ስሙን ያውቅ ነበር። የጠራውም የፓቱላ ዋጋ ነው። በዚህ አልወቅሰውም።

የወቀስኩት በሌላ ነው። በቁም መሸጥ ማለት ገዢው ገምቶ፣ ሻጩ ደግሞ ጨርሶ ሳይገምት መሸጥ ማለት ነው። ሐጂ በዓይኑ ስንት ኩብ እንደሚወጣ ያውቃል፤ ይሄ እንጀራው ነው። አጎቴ የሚያውቀው 46 ዛፍ መሆኑን ብቻ ነው። ስለዚህ «ቆርጠን፣ መንገድ ዳር አውጥተን፣ በኩብ እንሸጣለን» አልን። ሐጂ አልተቀየመም። «አብሽር፣ እንደፈለጋችሁ። እኔም በኩብ ነው የምወደው» አለ። እንዲያውም የኩቡን ዋጋ ራሱ ጠራ፦ ለሁሉም፣ ደረጃ ሳይለይ፣ 85።

አጎቴ ደስ አለው። እኔ ግን አንድ ነገር ጠየቅሁ። «ሐጂ፣ አንቱ የሚለኩት በምንድን ነው?»

«በዙሪያ ለአራት ነዋ። ሁሉም በዚያ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ገመድ ወይም ሜትር በግንዱ ወገብ ላይ ታዞራለህ። ዙሪያውን ለአራት ታካፍላለህ። የተገኘውን በራሱ ታባዛለህ፤ ከዚያ በርዝመቱ። ቀላል ነው፤ ካልኩሌተር እንኳ ብዙ አይጠይቅም። ችግሩ ግንድ ክብ እንጂ አራት ማዕዘን አለመሆኑ ነው። በዚህ ስሌት የሚወጣው ከእውነተኛው መጠን 78.5 በመቶ ብቻ ነው። ከአምስት ግንድ አንዱ በላይ በነፃ ይሄዳል ማለት ነው።

ማታለል ነው ብዬ እንዳልደመድም አንድ ነገር አለ። ይሄ መለኪያ ሐጂ የፈጠረው አይደለም። በእንግሊዞች ዘንድ ሆፐስ ይባላል፤ ሠንጠረዡ ከታተመ ወደ 300 ዓመት እየተጠጋ ነው። ሐሳቡም ክብ ግንድ ሲጠረብ የሚጣለውን ከወዲሁ ቀንሶ ማሰብ ነው። ምክንያት አለው። ግን ሐጂ ዋጋውን ሲያወጣም «ግማሹ ሰጋቱራና ሽርፍራፊ ነው» ብሎ ቀንሷል። አንዴ በዋጋ፣ አንዴ በልክ። ያው ብክነት ሁለቴ ተቆረጠ።

ይህን ለማሳየት አንዱን ግንድ እንይ። በኖራ 17 ቁጥር የጻፍንበትን። ርዝመቱ 4 ሜትር ነው። ቅርፊቱ ተልጦ ሥሩ በኩል 38 ሳንቲ ሜትር፣ ወገቡ ላይ 34፣ ጫፉ በኩል 30 ወጣ። ወገቡን ይዘን እንደ ክብ ስናሰላ 0.363 ሜትር ኩብ ሆነ። በዙሪያ ለአራት ስናሰላ 0.285። ቀጭኑን ጫፍ ብቻ ይዘው የሚለኩ ገዢዎችም አሉ፤ በነሱ ስናሰላ 0.283። ግንዱ ያው መሬት ላይ የተጋደመው ግንድ ነው። ማንም አልነካውም።

አጎቴ ሦስቱን ቁጥር በወረቀት ላይ ሲያይ ዝም አለ። ከዚያ «እና ዋጋ ስንከራከር የነበረው ለምንድን ነው?» አለ። እኔም ራሴን ጠይቄ ነበር። ሰዓት ሙሉ በኩቡ ዋጋ ላይ አምስት ለመጨመር ይሟገታሉ። ሜትሩን ማን እንደያዘና የት ላይ እንደሚያዞር የሚጠይቅ የለም።

ቆረጣው ሦስት ቀን ፈጀ። ሞተር መጋዝ ያለው ልጅ ከኩታበር መንገድ መጣ፤ ጎበዝ ነው፤ ግን ርዝመት ላይ ለጋስ ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ግንዶች 4 ሜትር ከ30 እያደረገ ቆረጣቸው። «ቢበዛ አይጎዳ» ይላል። ይጎዳል። ገዢው የሚከፍለው ለ4 ሜትር ነው። ጫፉ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ፣ ተስተካክሎ እንዲቆረጥ አምስት ወይም አሥር ሳንቲ መተው ደንብ ነው። 30 ሳንቲ ግን ስጦታ ነው፤ ከ4 ሜትር ላይ 7.5 በመቶ። ደግሞ በተቃራኒው 3.90 ቢያደርገው ጉድ ነው። የ4 ሜትር ሞራሌ ስለማይወጣው ወደ አጭር ምድብ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ 4.08 ላይ ምልክት ያለበት ዱላ ቆርጬ ሰጠሁት።

የጎበጡትን ደግሞ የት ላይ እንደሚቆረጡ ቆም ብለን አየን። ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ትወጥራለህ። መሃል ላይ ክሩና ግንዱ ስንት እንደተራራቁ ትለካለህ። በ4 ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ጎብጦ ከሆነ መሰንጠቂያ ላይ ከተለመደው በላይ ይጣላል። ጉብጠቱ ላይ ብትቆርጠው ግን ሁለት አጫጭር ቀጥ ያሉ ግንዶች ይወጣሉ። እንዲህ ያሉትን አጠር አደረግናቸው፤ ከጎበጠ ረጅም ቀጥ ያለ አጭር ይሻላል።

ከዚያ ደረጃ መለየት። ሐጂ ራሱ መጣ። እዚህ ላይ ብዙ ተምሬአለሁ፤ እሱ ስለ ግንድ የሚያውቀውን ያህል እኔ ስለ ጣውላ አላውቅም።

መጀመሪያ ጫፉን ያያል። ቀጭኑ ጫፍ 28 ሳንቲ ካልሞላ አንደኛ አይገባም፤ ሰፊ ጣውላ አይወጣውማ። ቀጥሎ ዓይኑን ከግንዱ ጋር እኩል አድርጎ ቀጥታነቱን ያያል። ከዚያ አንጓ። ፓቱላ ቅርንጫፉን እንደ ቀለበት ባንድ ቦታ ዙሪያውን ነው የሚያወጣው። ቅርንጫፉ በሕይወት እያለ የተዋጠ አንጓ ከእንጨቱ ጋር ይያያዛል። ደርቆ የቆየ ቅርንጫፍ ከሆነ ግን ጣውላው ሲደርቅ አንጓው ተነቅሎ ይወድቃል፤ ቀዳዳ ትቶ። አናጢ የሚጠላው ይሄን ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ራዲያታ የሚባለው ጥድ ግንድ ምድብ የሚወሰነው በዋናነት በዚሁ በአንጓ ውፍረት ነው፦ እስከ 6 ሳንቲ አንድ ምድብ፣ እስከ 14 ሌላ። የተመለመለው ደግሞ ብቻውን፣ ከሁሉም በላይ። ሐጂ ይሄን ሳያነብ ነው የሚሠራው።

ቀጥሎ ያልጠበቅሁትን አሳየኝ። የተቆረጠውን የግንድ ፊት በውሃ አራሰና «የዛፉ እምብርት የት ነው?» አለኝ። መሃል አልነበረም። ወደ አንድ ጎን ተጠግቷል። በታችኛው፣ ቁልቁለቱ በኩል ቀለበቱ ሰፋ ሰፋ ብሎ ቀላ ያለ ነው። ዛፉ ተዳፋት ላይ ቆሞ ራሱን ቀጥ ለማድረግ የታገለበት ነው። እንዲህ ያለው እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ ይኮማተራል፤ ጣውላው እንደ ቀስት ይጎብጣል። ስንት ጊዜ ነው አልጋ ሠርቼ «ጣውላው ለምን ጠመመ?» ብዬ ነጋዴውን የሰደብኩት! መልሱ ገደሉ ላይ ነበር። በዚህ የተነሣ ወደ ታች ያወረዳቸውን ግንዶች አንዱንም አልተከራከርኩም።

በአንድ ነገር ግን ተከራከርኩ። ከዛፎቹ ታችኛ ክፍል የተቆረጡትን ግንዶች በጅምላ ሁለተኛ ሊያደርጋቸው ፈለገ። «ፓቱላ ነው፤ ውስጡ አንጓ ነው» አለ። ውጫቸው ግን ልስልስ ነው። እስከ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ሦስት ሜትር ድረስ የቅርንጫፍ ምልክት የለም። ለምን እንደሆነ አጎቴ አላወቀም። አክስቴን ጠየቅናት። ሳቀች። «ማገዶ ነዋ! በየዓመቱ የታች የታቹን በመጥረቢያ እመለምላለሁ። አልደርስ ሲለኝ በመሰላል።»

ዛፉ ገና ቀጭን እያለ ቅርንጫፉ ከተመለመለ፣ ከዚያ በኋላ የሚያድገው እንጨት ሁሉ ያለ አንጓ ነው የሚያድገው። አንጓው መሃል ላይ ቀጭን ዘንግ ሆኖ ይቀራል። በሌላ አገር ለዚህ ሥራ ደመወዝ ይከፈላል። አክስቴ ለድስት ብላ ሠርታዋለች። ሐጂ አላመነም። «እሺ፣ አንዱን ልሰንጥቅና እንየው» አለ። 17 ቁጥር ተመረጠ። ለአንድ ግንድ ብቻ አይሱዙ ስለማይላክ ቆራጩ ልጅ እዚያው በሞተር መጋዝ አንድ ጎኑን ላጠው። ነጭ፣ ንጹሕ፣ እንደ ቅቤ። አንድም አንጓ የለም። «ወላሂ፣ አንደኛ ነው» አለ። ሰው እንዲህ ቶሎ ሲያምን ደስ ይላል።

የልኩን ነገር ቡና ላይ ጨረስነው። ቦሩ ሜዳ የክርክር አገር ነው፤ አፄ ዮሐንስ በ1870 የሃይማኖት ጉባኤ የሰበሰቡት እዚያው ነው። የኛ ክርክር ስለ ሜትር ነበር። አቦሉ ላይ ሐጂ «ሁሉም በዙሪያ ለአራት ነው የሚሸጥልኝ» አለ። ቶናው ላይ «እንግዲያው 85ቱን ወደ 90 ላድርግላችሁ» አለ። አጎቴ ጎኔን በክርኑ ጎሰም አደረገኝ፤ ተቀበል ማለቱ ነው። በረካው ላይ ወረቀቱን አወጣሁ።

112 ግንድ ወጥቷል። ቅርፊት ተልጦ፣ ወገብ ላይ ተለክቶ፣ እንደ ክብ ሲሰላ 27.4 ሜትር ኩብ ነው። በዙሪያ ለአራት ሲሰላ 21.5። ስለዚህ 85 በሐጂ ልክ 1,827 ገደማ ይሆናል። 90 ቢሆን 1,935። እኔ ያቀረብኩት ደግሞ አንደኛው 100፣ ሁለተኛው 75፣ ሦስተኛው 50 ሆኖ በኛ ልክ እንዲሆን ነው። አንደኛ 31 ግንድ፣ 9.9 ኩብ። ሁለተኛ 44 ግንድ፣ 10.5 ኩብ። ሦስተኛ 37 ግንድ፣ 7 ኩብ። ድምሩ 2,127። በአማካይ ለኩብ ከ78 አይበልጥም። ከ85 ያንሳል! አጎቴ ያልገባው እዚህ ላይ ነበር። «85 እየሰጠን በ78 የምንሸጠው አብደን ነው?» አለኝ በጆሮዬ። የእያንዳንዱን ድምር ሳሳየው ነው ዝም ያለው። ዋጋው ያነሰው ነው የበለጠ ብር ያመጣው።

ሐጂ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ የራሱን ሂሳብ አወጣ፤ ይሄንንም ብዙ ሻጭ አያይም። እሱ የሚነሣው ከጣውላው ዋጋ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ከአንድ ኩብ ግንድ ግማሽ ኩብ ጣውላ ካገኘ ደህና ነው። ከዚያ ላይ የመሰንጠቂያው መብራትና ምላጭ፣ የአይሱዙ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የደላላ፣ ጣውላው እስኪደርቅ ብሩ የሚተኛበት ጊዜ ይቀነሳል። የተረፈው ነው የግንዱ ዋጋ። በኛ ዋጋ ትርፉ ይቀጥናል እንጂ አይጠፋም፤ የአንደኛዎቹ ጣውላ አንጓ ስለሌለው ለቁም ሣጥን በጥሩ ዋጋ ይሄድለታል። «እሺ» አለ። «ግን ኮምቦልቻ ሲደርስ ነው የምቀበለው። መንገድ ላይ የተበላሸ የናንተ ነው።»

እዚህ ላይ ተሸወድኩ። ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ።

ግንድ ያለ ይለፍ ወረቀት ኬላ አያልፍም። ወረቀቱን የሚሰጠው ሰው አንድ ሳምንት ስብሰባ ላይ ነበር፤ ቀጥሎ ማኅተሙ ሌላ ሰው ጋ ነበር፤ ቀጥሎ ደግሞ ቦታውን ካላየሁ አለ። 19 ቀን ሄደ። መጋቢት ነውና የበልግ ዝናብ ጀመረ። የወሎ ሰው ሆኜ በልግን መርሳቴ! ግንዶቹ እርጥብ መሬት ላይ ተከምረው ነበር። ከሥራቸው ሁለት ሁለት አጣና እንኳ አላደረግንም።

አይሱዙው ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሐጂ ጫፋቸውን አየ። 12 አንደኛ ግንዶች ላይ ከዳር ወደ መሃል የገባ ግራጫ ሰማያዊ ነገር አለ። ሻጋታ ነው። ፓቱላ ከተቆረጠ በኋላ በሙቀትና በእርጥበት ቶሎ ይይዘዋል። የእንጨቱን ጥንካሬ ያን ያህል አይነካም፤ የሚበላው በውጭው እንጨት ውስጥ የቀረውን ምግብ ነው። ቀለሙ ግን በመላጊያም አይለቅም። ለአርማታ ፎርማ ይሆናል፤ በቫርኒሽ ለሚጨረስ ቁም ሣጥን አይሆንም። ደግሞ ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ፣ ሞቃት ነው፤ እዚያ ቢቆይ ይብሳል። 12ቱ ወደ ሁለተኛ ወረዱ። 3.8 ኩብ፣ በየኩቡ 25። 95 ሄደ።

እንግዲህ የእጃችን 2,032 ሆነ። ከዚያ ላይ ለቆራጩ፣ ለነዳጅ፣ ግንዱን ወደ መንገድ ለጎተቱት ልጆች 310 ወጣ። የአይሱዙው የሐጂ ነበር። 1,722 ለአጎቴ ደረሰ። በቁም ቢሸጥ 1,300 ነበር። 12ቱ ባይሻግቱ 1,817።

በሳምንቱ መሰንጠቂያው ጋ ሄድኩ፤ ከአጎቴ ግንድ ጣውላ ለራሴ ልገዛ። 17 ቁጥርን ሲሰነጥቁት ቆሜ አየሁ። የሐጂ ማሽን ስስ ምላጭ ነው፤ የሚበላው 3 ሚሊ ገደማ። 20 ሳንቲ ስፋት ያላቸው፣ ሁለት ሳንቲ ተኩል ውፍረት ያላቸው 8 ጣውላዎች ወጡ፤ ከጎንና ከጎን ደግሞ ሁለት ጠባቦች። ድምሩ 0.185 ኩብ፤ ከግንዱ ግማሽ ትንሽ የሚበልጥ። ጎረቤት ያለው መሰንጠቂያ ክብ መጋዝ ነው፤ 6 ሚሊ ይበላል። እዚያ ቢሆን ሰባት ጣውላ ነበር የሚወጣው። አንድ ሙሉ ጣውላ ወደ ሰጋቱራ ይሄዳል። «ለዚህ ነው እኔ ጥሩ ዋጋ የምከፍለው» አለኝ ሐጂ፣ እየሳቀ።

ሁለቱን ጣውላ ገዛሁ። አንዱ ጋ መሃል ላይ፣ ወደ እምብርቱ ጠጋ ብሎ ትንንሽ አንጓዎች ተደርድረዋል። ከዚያ ወዲያ እስከ ጫፍ ንጹሕ። አክስቴ መመልመል የጀመረችበትን ዓመት ቀለበቱን ቆጥሬ ደረስኩበት። 1997።

ስወጣ ሐጂ ያቺን ወረቀት በስልኩ ፎቶ አነሣት። «ለልጆቼ አሳያቸዋለሁ» አለ። ግቢው በር ላይ ከደጋን በኩል የመጣ አይሱዙ ቆሟል፤ ሌላ ሻጭ፣ ሌላ ግንድ። ሐጂ ሜትሩን ከኪሱ አወጣና አንዱን ግንድ ወገቡ ላይ አዞረው። «ዘጠና ስድስት» አለ። «ለአራት፣ ሃያ አራት።»